አንዷን በራሴ አፍ

እናቴ ማዳመጫውን በሻሿ ላይ ደፍታ ለኮምፒውተሩ መልስ ትሰጣለች።

«እንደምን ዋልሽ እህቴ» ትላለች።

«እማዬ፣ አትመልሺላት። ያለችውን ድገሚ።»

«ለምን እደግማለሁ? ሰው የተናገረውን መልሶ መናገር ማሾፍ አይደለም እንዴ?»

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት አስማ ከጠረጴዛዋ ሆና ትስቃለች። «እማማ ሽታዬ፣ እሷ እኮ አትሰማዎትም። የተቀዳ ድምፅ ነው።»

«ባትሰማኝስ?»

የከተማችን ፒያሳ ነን። ከሰፈራችን ከቡሹሎ በባጃጅ የመጣነው መብራት ሳይሄድ ለመድረስ ነው፤ እስካሁን አልሄደም። ነገ ጠዋት ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እህቴን ብርቅዬን እናገኛታለን። በሚሌኒየሙ ዓመት ስፔናዊ ባልና ሚስት በማደጎ ሲወስዷት አራት ዓመቷ ነበር። አባታችን ሞቶ እናቴም ታማ ተኝታ ነበር፤ አትተርፍም ተብሎ ነበር። ተረፈች። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ፎቶግራፍ መላክ አቋርጠው አያውቁም፤ አሁን ደግሞ ራሳቸው ይዘዋት መጥተዋል። ብርቅዬ ግን አማርኛው ጠፍቶባታል። ለእናቴ አስተርጓሚ እንደሚኖር ነግሬያታለሁ። እሷ ግን «ሌላውን እሱ ይበልልኝ፤ አንዷን በራሴ አፍ» ብላ ወጥራ ይዛኛለች።

መጀመሪያ በስፓኒሽ ያዘጋጀሁላት «እናትሽ ነኝ» የሚለውን ነበር። ትርጉሙን ስነግራት ማዳመጫውን አውልቃ አየችኝ።

«ያሳደገቻት ሴት አጠገቧ ተቀምጣ?»

«ውሸት ነው እንዴ?»

«ውሸት አይደለም። ነውር ነው። ‹እደጊልኝ› የሚለውን ፈልግልኝ።»

ፈልጌ አጣሁ። ቀረብ ያለው «እንዴት አድገሻል» የሚለው ነው። የድምፅ መለማመጃው ገጽ ላይ አንዲት የማድሪድ ሴት ትለዋለች፤ ከዚያ ዝም ብላ ትጠብቃለች፤ ማሽኑ የተማሪውን ድምፅ ቀድቶ መልሶ ያሰማል። መስመሩ ስለሚንቀራፈፍ ሴትየዋ አንዳንዴ ከመሃል ተቋርጣ ትቀራለች። እናቴ ከአፏ ሳትነጥቅ ትጠብቃታለች።

ማጫወቻውን እጫነዋለሁ።

«ኩዋንቶ አስ ክሬሲዶ» ትላለች ሴትየዋ።

እናቴ ወደ እኔ ትዞራለች። «ይቺ ሴት ኮልታፋ ናት እንዴ?»

«አይደለችም። እነሱ አገር ‹ሲ›ን እንደዚያ ነው የሚሏት። ምላስሽን ከጥርስሽ መሃል ትንሽ ብቅ ታደርጊያለሽ።»

«ምላሴን ላውጣ? ይሄን ሁሉ ዓመት ቆይቼ ለልጄ ምላሴን ላውጣላት?»

ከኋላችን ተቀምጦ የኳስ ጎሎች የሚያየው ኩማ ዞር ይላል። «እማማ፣ ለባርሴሎና ሊፈርሙ ነው እንዴ?»

«አንተ ኳስህን እይ» ትለዋለች፤ ፈገግ ብላለች።

ፈገግታዋ ግን ቶሎ ይጠፋል። ዓይኗን ቁልፎቹ ላይ ትጥላለች።

«ብርቅዬም ኮልታፋ ነበረች» ትለኛለች። «‹ሲኒ› ማለት አትችልም ነበር። የሰፈር ልጆች እየደገሙባት ያስለቅሷት ነበር። ትዝ አይልህም?»

ትዝ ይለኛል። እያለቀሰች ወደ እናቴ ትመጣና ያንኑ ቃል እንደገና ትላት ነበር፤ እናቴም ሳትስቅ እስክትጨርስ ትሰማት ነበር።

«በል ክፈታት» ትላለች።

ሴትየዋ ትናገርና ዝም ትላለች። እናቴ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

«ይቅር በይኝ እህቴ» ትላለች አስቀድማ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ተኮላትፋ፣ «ኩዋንቶ አስ ክሬሲዶ።»

ልክ ናት። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ታግዬ ያላገኘኋት «ሲ» ናት።

«እማዬ፣ በጣም ጥሩ ነው! ይቅርታዋን ብቻ ተያት፤ እሷም አብራ ትቀዳለች።»

«ሳላስፈቅድማ አልደግምባትም።»

እንደገና እከፍተዋለሁ፤ እንደገና ታስፈቅዳለች። ስትደጋግም «እህቴ» የምትለዋን ትተዋታለች፤ ከሴትየዋ ጋር ሳይላመዱ አልቀሩም። አስማ ከጠረጴዛዋ ተነስታ ከጀርባችን ትቆማለች። «ማሻአላህ! ከሴትየዋ ይልቅ እርስዎ ያምርብዎታል።»

«እስቲ የራሴን አሰማኝ» ትለኛለች እናቴ፤ የማዳመጫውን አንዱን ጆሮ ለእኔ ትለቅልኛለች። ጉንጭ ለጉንጭ ተጠጋግተን እንሰማለን።

መጀመሪያ የአስማ ቬንትሌተር ይሰማል። ከዚያ የእናቴ ድምፅ፣ «ይቅር በይኝ።»

መስመሩ ይቆማል። ስክሪኑ ላይ ትንሿ ክብ ትሽከረከራለች። እናቴ የራሷን ድምፅ እንደዚያችኛዋ ሴት ሳትናገር ትጠብቀዋለች። እኔም እጠብቃለሁ።

«ኩዋንቶ አስ ክሬሲዶ።»

ከጉንጬ አጠገብ ትንፋሿ ሲያዝ ይሰማኛል። ኩማ እንኳ የኳሱን ድምፅ ቀንሷል።

«ጥሩ ነው» እላለሁ። «ነገ የኋለኛዋን ብቻ ነው የምትዪያት።»

«የለም። ሁለቱንም እላለሁ።»

«የፊተኛዋ እኮ አማርኛ ናት። አትገባትም።»

«አውቃለሁ።»

«ከፈለግሽ በእነሱም ቋንቋ ልፈልግልሽ እችላለሁ።»

«ተው። እሷ እንዳለች ትሁን።»

ማዳመጫውን ሳታወልቅ ትነሳለች፤ ገመዱ ይወጠራል፤ እኔ ኮምፒውተሩን ደገፍ አደርጋለሁ። በወንበሮቹ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ቀኝ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ፣ መዳፏን ወደ ታች አድርጋ፣ ከወገቧ ዝቅ ብሎ የትንሽ ልጅ ራስ የሚደርስበት ላይ ታቆመዋለች።

«ይቅር በይኝ» ትላለች ለመዳፏ።

ከዚያ ታስባለች፤ መዳፏን ሳትገለብጥ፣ ልጅቷ ከሥሩ እያደገች እንዳለች ሁሉ፣ እጇን ቀስ ብላ እስከ ደረቷ ከፍ ታደርገዋለች።