የፋብሪካው ዓይን

የአልማዝ መቁረጫ ፋብሪካ ሲቀጠሩ የራስን ዓይን ማስረከብ ግድ ነው። የፋብሪካው ዓይን ጠዋት በር ላይ ይገጠማል፣ ማታ ይነቀላል። ሕግ ነው አሉ፤ ጉድ ነው እንጂ!

እታፈራሁ ከማዕድን ጉድጓድ የወጣውን ድፍን ድንጋይ ስትቆርጥና ስትሞርድ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ቤቷ ግን ልጇን ትርሲትን የምታውቃት በዳበሳ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ስታያት ልጅቷ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር።

ዘንድሮ በስንት ልመና አለቃዋ ልጇን ፋብሪካው ውስጥ በፋብሪካው ዓይን እንድታይ አምስት ደቂቃ ፈቀደላት። ትርሲት ፀጉሯን ተሠርታ፣ የጎረቤት ሊፕስቲክ ተውሳ እናቷ ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

«ዛሬ ካላማርኩሽ መቼም አላምርሽ» አለች እየተሽኮረመመች።

እታፈራሁ አገጯን ይዛ ወደ መብራቱ አዞረቻት። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ግራ። ትርሲት «ልጄ» እስክትባል ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች። ከዚያም ለማሳቅ ሞከረች።

«እሺ እማዬ፣ ስንት ካራት ወጣኝ?»

እታፈራሁ አልሳቀችም። በአውራ ጣቷ የልጇን ጉንጭ ጠባሳ ዳበሰችና ከጎኗ ወደተቀመጠችው ሠራተኛ ዞረች።

«እዚህ ጋ ስንጥቅ አለው» አለች። «ቆርጠን እናውጣው ብንል ግማሹ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ሌላ አምጪልኝ።»