አሮጌው ሰርቨር የያዛት ስም

አሮጌው ሰርቨር ምድር ቤት ጥግ ላይ፣ ጉሮሮው እንደታፈነ በሽተኛ እያጓራ ዓመታት ኖሯል። ሠራተኛው ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት፣ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አይቶ የሚያስገባው እሱ ነበር። አሁን ግን አርጅቷል። ወጣቱ ቴክኒሻን በአዲስ ሊተካው መጣ።

የሠራተኛውን ስም ሁሉ ወደ አዲሱ አሻገረ። የአንዲት ሴት ስም ብቻ ባለቤት አጣ።

«ይህቺ ማናት አባባ?»

ሰርቨሩን ሲጠብቅ ያረጀው ባለሙያ መነጽሩን አወለቀ። «መዝገብ ቤት ትሠራ ነበር። ነፍሷን ይማርና አረፈች።»

«የሞተች ሰው ታዲያ እንዴት በየማለዳው ትገባለች? ዛሬም ገብታለች እኮ!»

ሽማግሌው መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ።

ወጣቱ ጠረጠረ። በዚያ ሰዓት ከሁሉ ቀድሞ ሕንጻው ውስጥ የሚገኘው ይኸው ሽማግሌ ነው። ከእሱ ሌላ ማልዳ የምትመጣው ሥራ አስኪያጇ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ጥቁሯን እንደለበሰች ቢሮዋን ዘግታ ትጸልያለች ይባላል።

«እሷንም አሻግራት ልጄ» ሲል ለመነው ሽማግሌው። «ያላት ሁሉ በስሟ ሥር ነው የተቀመጠው። አንዴ ከተጠረገ አይመለስም። ሌላ ምንም ያልቀረው ሰው አለ።»

«ማን?»

«ምስጢሩ የኔ አይደለም።»

«አባባ፣ በሙት ስም መግባት ያሳስራል። ጡረታዎ ደርሶ ምን ነካዎት?»

«ሌባ አልከኝ? ይሁን፣ እሱን እችለዋለሁ።»

ወጣቱ ሥራ አስኪያጇ ዘንድ ወጣ። ሽማግሌውን ማዋረድ ግን አንጀቱ አልቻለም።

«እትዬ፣ አሮጌው ላይ እዚህ የማይሠራ ሰው ስም አለ። ምን ላድርገው?»

ከምትፈርመው ወረቀት ቀና አላለችም። «የማይሠራ ሰው ስም ምን ያደርግልናል? አጥፋው። አሮጌውንም ጠራርገህ አውጣልኝ።» ድምፅዋ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው የደከመ ነበር።

ወርዶ ጠረገው። ማጓራቱ ቀስ በቀስ ከስሞ ቆመ። ሽማግሌው ግንባሩን ብረቱ ላይ አስደግፎ አለቀሰ።

«ኧረ አባባ፣ ለብረትም ይለቀሳል እንዴ?» አለ ወጣቱ፣ ሊያስቀው ፈልጎ።

በማግስቱ ማለዳ ስልኩ ጮኸ። ሥራ አስኪያጇ ናት።

«እስቲ ና እይልኝ የኔ ልጅ። ጠዋት ጠዋት በልጄ ስም እየገባሁ የቀዳችውን ድምፅዋን እሰማ ነበር፤ ዛሬ ኮምፒውተሩ ‹አላውቃትም› አለኝ።»