ሁለት ሚሊሜትር

"እሜቴ፣ ሙሽራሽን ይዤልሽ መጣሁ" አለ ሽማግሌው የእባብ ጠባቂ፣ ወንዱ እባብ ያለበትን ከረጢት ደረቱ ላይ አቅፎ። ከዝርያዋ የቀረችው የመጨረሻዋ ሴት እባብ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታ ነበር። ሐኪሟ የአልትራሳውንዱን መዳሰሻ በሆዷ ላይ ስታንሸራትት እሱ የከረጢቱን ቋጠሮ መፍታት ጀመረ።

ባለፈው ሳምንት "እናገናኛቸው" ብሎ ሲለምናት፣ "ጋሼ፣ እንቁላሎቿ ሊደርሱ ሁለት ሚሊሜትር ይቀራቸዋል" ብላ የከለከለችው ሐኪሟ ነበረች። አሁን ስክሪኑ ላይ እንቁላሎቹን ሟሽሸው አገኘቻቸው። ለካች፤ ደግማ ለካች።

"ጋሼ፣ ጊዜው አልፏታል።"

"ለከርሞስ?"

"በዚህ ዕድሜዋ?"

"ይሁን እንግዲህ፣ ልጄ" ብሎ ቋጠሮውን መልሶ አጠበቀው። ወንዱ ግን ሽታዋን አግኝቶ፣ ጨርቁን በአፍንጫው እየገፋ ወደ እሷ ይሳብ ነበር።