ከቀብር የተመለሰው ሰው

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን ሱሉልታ መግቢያ ላይ መንገዱን በድንጋይ የዘጉ ወጣቶች ሰውየውን ከሚኒባስ አስወረዱት።

«ከየት ነው ኦቦ?»

«ከ... ከ...»

«ሲዋሽ እኮ ነው የሚንተባተበው። ሰላይ ነው» አለ አንዱ ዱላውን እያነሳ። ሾፌሩ ሊመልስለት ሲሞክር፣ «ራሱ ይናገር» አሉት።

ሰውየው የንግግር ሐኪሙን አሰበ። በክራንች ደረጃ ስትወጣ እጁን ከዘረጋላት፣ «ተው፣ እኔ አልቸኩልም። አንተም አትቸኩል» ትለው ነበር። ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ከቀ... ከቀብር። የንግግር ሐ... ሐኪሜ ሞታ።»

«አላዳነችህማ» አለ ባለዱላው። ጓደኞቹ ሳቁ።

«በፊት ስ... ስሜን እንኳ ለሰው አልናገርም ነበር» አለ ሰውየው ዓይኑን ሳይሰብር።

ባለዱላው ዱላውን ዝቅ አደረገ።

«ማን ትባላለህ?»

ሰውየው ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ነገረው።