ትልቁ ሳጥንና የመስኮቱ ዳር ወንበር

የድምፅ መሣሪያ ባለሙያው ሶኬቱን ሲሰካ ጥግ ላይ ያለው ትልቁ ሳጥን "እህም" ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። መስኮቱ ዳር ቀሚስ የምትቀመቅመው ልብስ ሰፊ ደንግጣ ጣቷን በመርፌ ወጋች። ሟቹ ባሏ ሳሎን ሲገባ ቁርጥ እንዲህ ነበር የሚለው። ከሞተ ወዲህ ሳትሰማው ከርማ ዛሬ በጠራራ ፀሐይ መጣባት።

"አይደንግጡ እናቴ፣ ሲበራ እንዲህ ያደርገዋል።"

"አልደነገጥኩም፤ ብቻ ቶሎ አውጣልኝ።"

ባለሙያውን የላከው ልጇ ነው። "ሁለቱ ሰብዉፈሮች አብረው የሚሠሩ ከሆነ አስተካክላቸው፣ እምቢ ካሉ ትልቁን ጭነኸው ሂድ" ብሎታል። እሷ ግን መጫኑን ነው የምትፈልገው። ግድግዳ የሚያንቀጠቅጠው ወፍራም ድምፅ የሚወጣው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። አንዱ የሱቅ ዕቃ ነው፣ ትንሽና ጥቁር። ሌላውን ባሏ ከአሮጌ ቁምሳጥን ሳንቃ ራሱ ገጣጥሞ የሠራው ሲሆን፣ ጎኑ ላይ የቁምሳጥኑ የቁልፍ ቀዳዳ እስከ ዛሬ አለ።

"ማነው እነዚህን ያጋባቸው?" ሳቀ ባለሙያው። "ዝሆንና ፍየል እኮ ናቸው!"

"የኔው ሰውዬ ነዋ።"

ሰውዬው ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ነው። ጡረታ ሲወጣ ሞተሩ ከእግሩ ሥር ጠፋበት፤ ወለሉ ካልተንቀጠቀጠ የሚያርፍ አይመስለውም ነበር። ለእሱ መድኃኒት የሆነው ሳጥን እሷን ራሷን ይፈልጣት ጀመር። አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና "ወይ እኔ ወይ ይኼ ሳጥን!" ብላ ጮኸችበት። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ያ ደረት የሚመታ ድምፅ ጠፋ።

እሱ ግን እስኪሞት ድረስ ማታ ማታ ከሳጥኑ አጠገብ ዓይኑን ጨፍኖ መቀመጡን አልተወም። ለእሷ ሲል ደስታውን ቀብሮ፣ ከበድን ሳጥን ጋር የሚያዝን መሰላት። "በቃ ክፈተው፣ እችለዋለሁ" የሚለው ቃል ስንት ጊዜ ከአፏ ደርሶ ተመለሰ። እልኸኛ ናት። አሁን ሳጥኑ ከጥግ ሆኖ ሲያያት ይውላል፤ እሷም ዓይኑን መቋቋም አቅቷታል።

ባለሙያው ዘፈን ከፍቶ፣ ጆሮውን ቀስሮ በክፍሉ ውስጥ ይዞር ጀመር። ከእሷ ወንበር አጠገብ ሲደርስ ቆመ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ተመልሶም መጣ።

"እዚህ ጋ ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ የለም" አለ። "እዚያ ጋ ግን ሆድ ዕቃ ያናውጣል።"

ከትልቁ ሳጥን ኋላ በደረቱ ተኝቶ ጭንቅላቱን አስገባ። "አሃ! ሽቦው ተገልብጧል። ቀዩን በጥቁሩ ቦታ አስረውታል። በዚህ ዓይነት አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ከሁለቱም እኩል የራቀ ቦታ ላይ ድምፃቸው ይጠፋፋል።"

"ተሳስቶ ነዋ። ዓይኑም ደክሞ ነበር።"

"እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን በቴፕ እንዴት አድርገው እንደጠቀለሉት ቢያዩ!" አቧራውን እያራገፈ ተነሳ። "እስቲ ወንበርዎን ትንሽ ላስጠጋው።"

ወንበሩን ሳበው። ንቅንቅ አላለም። ጎንበስ ብሎ ቢያይ አራቱም እግሮች ከወለሉ ጋር በቡሎን ታስረዋል።

"እንዳይንሸራተትብሽ ብሎ እሱ ነው ያሰረው" አለች ሳቅ ቢጤ እያለች። "ሥሩን መጥረግ አቃተኝ ብዬ ስንት ጊዜ ተነታረክሁት።"

ባለሙያው ሜትሩን ዘረጋ። ከወንበሩ እስከ ትልቁ ሳጥን ለካ። ከወንበሩ እስከ ትንሹም ለካ። ከዚያ ሜትሩን አጣጥፎ ኪሱ ሲከት፣ ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር።

"እናቴ፣ ልክ እኩል ነው። እሳቸው ድምፁን ያጠፉት ለእርስዎ ወንበር ብቻ ነው።"

መርፌዋ አየር ላይ ቀረ። ለሻይ ብድግ ስትል የባሏ እጅ ፈጥኖ ወደ ሪሞቱ ይሄድ እንደነበር ትዝ አላት። ተመልሳ ስትቀመጥ ደግሞ እጁ እንደገና ወደዚያው ይሄዳል። ያኔ አኩርፎ ይመስላት ነበር፤ ለካ ድምፁን ሲቀንስና ሲጨምር ኖሯል።

የጀመረችውን ቀሚስ መስኮቱ ዳር ካለው ከውሃ ብርጭቆዋ ጎን አኖረችና ተነስታ ከትልቁ ሳጥን አጠገብ ወዳለው የባሏ ወንበር ሄደች። ከሞተ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም፤ እሷማ እሱ በሕይወት ሳለም ተቀምጣበት አታውቅም።

"ክፈተው" አለች። "እሱ ይከፍተው የነበረውን ያህል።"

ድምፁ ከወለሉ ተነስቶ በእግሯ ወጣ፣ ጉልበቷን አልፎ ደረቷ ውስጥ ገባ። ቤቱ በሙሉ ሞተሩ የተነሳ አውቶቡስ ሆነ። ባለሙያው ለራሱ የተቀዳለትን ውሃ አጠገቧ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦት ነበር፤ ብርጭቆው እየተንቀጠቀጠ ወደ ጠርዙ ሸሸ።

"አንተ ሌባ!" አለች ለማንም ሳይሆን፣ እንባዋ በሳቋ ላይ እየወረደ። "ይኼን ሁሉ ጊዜ እያሞኘኸኝ!"

ባለሙያው ወደ ትልቁ ሳጥን አመለከተ። "ሽቦውን ላስተካክለው ወይስ ልጫነው?" አለ ጮክ ብሎ።

"አንዱንም እንዳትነካ!"

ዓይኗን ልትጨፍን ነበር፣ እሱ እንደሚያደርገው። ግን ከዚህ ወንበር ላይ ሆኖ የሚታየውን አየች። ማዶ፣ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ የራሷ ወንበር ነው ያለው። ቤቱ ሁሉ እየተርገፈገፈ፣ ከቀሚሱ ጎን የተወችው ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ጸጥ ብሏል።