አምስት ሰው ብቻ

ስልሳ የሞላው ሰው ሁሉ የሰው ፊት መርሳት ከጀመረ ወዲህ፣ ፊት አይቶ ስም የሚናገር ታብሌት በደሴ ገበያ እንደ መድኃኒት ይፈለጋል። ሐመልማልም እናቷን ወይዘሮ ዘነቡን ይዛ ሱቅ ገባች። የተገኘው አንድ አሮጌ ብቻ ነበር።

«ይሄ የሚለይላቸው አምስት ሰው ነው» አለ ሻጩ። «አዲሱ ጥቅምት ላይ ይገባል፤ እሱ አገር ምድሩን ይይዛል።»

«አምስት?» ወይዘሮ ዘነቡ ተቆጡ። «የማኅበሬ ሰዎች ብቻ አሥራ ሁለት ናቸው! ጽዋ ያቀበለኝን ሰው ማን ነህ ልበለው?»

«እማዬ፣ ለጊዜው እኛን ልጆችሽን እንኳ...»

«እናንተንማ እንዴት ብዬ እረሳለሁ? እንጠብቅ አልኩ፣ እንጠብቅ!»

ሐመልማል ታብሌቱን መለሰች። ሁለት ወር ምን አላት፣ ብላ ራሷን አጽናናች።

ቤት እንደገቡ ወይዘሮ ዘነቡ ከፔርሙሱ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀዱ። አንዱን ለሐመልማል ሰጡና ሌላውን እንዳይቀዘቅዝ በሳህን ከደኑት።

«አንቺ አትጠጪም እንዴ?» አለች ሐመልማል።

«የልጄ ነው» አሉ ወደ በሩ እያዩ። «ሐመልማል ትባላለች፣ አሁን ትመጣለች። እርስዎ ግን ይጠጡ እንጂ፣ እንግዳ አይሁኑ።»