የመቀሱ ቦታ

ልጅቷ መቀሱንና ክሩን ከጠረጴዛው አንሥታ መደርደሪያው ላይ አኖረችና ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋች። ያው ፕሮግራም፣ ያው መረጃ፤ የመሥሪያ ቤቱ ትልቁ ኮምፒውተር ግን ትናንት አርባ ሰከንድ፣ ዛሬ ሃምሳ ሠርቶበታል። አለቃዋ ምክንያቱን ሊጠይቃት አሁን ይደውላል።

«አበላሽተሽው ነዋ! በቃ፣ ሊያባርሩሽ ነው» አለች እናቷ፣ የምትሰፋውን ቀሚስ ጭኗ ላይ ጥላ።

«እማዬ ደግሞ፣ ሰው ሳይሞት ድንኳን ትተክያለሽ! አልነካሁትም። ዛሬ ማሽኑ ላይ ብዙ ሥራ ነበር። ፕሮግራሜ አጠገቡ ያስቀመጠውን መረጃ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ገፍተው ያስወጡበታል፤ ተራው ሲደርስ እንደገና ከሩቅ ያመጣል። የማምጣቱም ጊዜ እንደ ሥራ ጊዜ ይቆጠራል።»

እናትየው አልገባትም። ክር ልትቆርጥ እጇን ብትሰድ ወረቀት ነካች። ተነሥታ መቀሱን ከመደርደሪያው አመጣች። ዛሬ ስትነሣ ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር፤ ልጇ ወረቀት በዘረጋች ቁጥር መቀሱ ከአጠገቧ ይሰደዳል። ትናንት እስከዚህ ሰዓት የጨረሰችውን ያህል ጠርዝ ዛሬ ገና አጋምሳዋለች። እጇ ግን አልሰነፈም። መቀሱን እንደያዘች ቆማ ፈገግ አለች።

ስልኩ ጮኸ። ልጅቷ ሳታነሣው እናቷ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«ስለ መቀሱ ንገሪው» አለቻት።